የደን ቅርንጫፍ ቤት ሲያሞቅ፦ ራሱን የሚመግብ ቦይለር

በኦስትሪያና በስዊድን ገጠር ደን ያላቸው ብዙ ገበሬዎች ቤታቸውን የሚያሞቁት ግንዱ ተሽጦ ከሄደ በኋላ መሬት ላይ በሚቀረው ቅርንጫፍና ጫፍ ነው። ቅርንጫፉ ተቆራርጦ ስብርባሪው ጎተራ ይገባል፤ ከዚያ ቦይለሩ ራሱን ይመግባል። እዚያ ገጠር ቤት ለመግዛት ለምታስቡ አሠራሩ ይኸው።

መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ። አንድ ሜትር ኩብ የደረቀ የጥድ ስብርባሪ 75 ሊትር ያህል የማሞቂያ ናፍጣ ይተካል። ስለዚህ በዓመት 3,000 ሊትር የሚያቃጥል ቤት ወደ 40 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። ማስቀመጫና የጭነት መኪና መግቢያ የሌለው ሰው ከወዲሁ ይተወው፤ ፔሌት (ተጨምቆ የተሠራ የእንጨት ፍሬ) ይሻለዋል።

ቀጥሎ ማድረቅ ነው፤ ትርፉም ኪሳራውም ያለው እዚህ ላይ ነው። ትኩስ እንጨት የክብደቱ ግማሽ ያህል ውሃ ነው። ቅርንጫፉን ሳትቆራርጡ ነፋስ በሚያገኘው ገላጣ ቦታ ከምሩት፤ ላዩን ብቻ ሸፍናችሁ አንድ በጋ አቆዩት። ቅጠሉ ጫካው ውስጥ ቢረግፍ ለአፈሩ ይጠቅማል፤ አመዱንም ይቀንሳል። እርጥቡን ቆራርጦ መከመር ግን ጥፋት ነው፤ ክምሩ ከውስጥ ይግላል፣ ይሻግታል።

እርጥበቱን በዓይን አትገምቱ። ከክምሩ የተለያየ ቦታ የተወሰደ 1,000 ግራም ስብርባሪ በ105 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም አድርቁ። 700 ግራም ከቀረ እርጥበቱ 30 በመቶ ነው። ለቤት ቦይለር ከዚህ በላይ እንዳይሆን።

ቅርንጫፉን የሚቆራርጠው ማሽን ስለት የተሳለ ይሁን። የደነዘዘ ስለት ረጃጅም ጭራሮ ያወጣል፤ ጭራሮ ደግሞ ስብርባሪውን ወደ ቦይለሩ የሚወስደውን ጠምዛዛ ማጓጓዣ ያንቀዋል። አፈርም አይቀላቀል፤ እሳቱ ውስጥ ቀልጦ ይጋገራል።

ተከላውን ለባለሙያ ስጡ፤ እናንተ ግን የምትጠይቁትን እወቁ። በጎተራው ወለል ላይ የሚሽከረከር ክንድ ስብርባሪውን ወደ ማጓጓዣው ይገፋል። በማጓጓዣውና በቦይለሩ መካከል እሳት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ መዝጊያና ውሃ የሚረጭ መከላከያ መኖሩን አረጋግጡ። ማቀጣጠሉን ሙቅ አየር፣ የአየሩን መጠን ደግሞ ላምዳ ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ) ይይዙታል። ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ የሙቅ ውሃ ማጠራቀሚያ ታንኩን አታስቀሩ፤ ያለ እሱ ቦይለሩ ለብ ባለ ቀን በየጊዜው እየተነሳ እየጠፋ ጥላሸት ያበዛል። ወደ ቦይለሩ የሚመለሰው ውሃም ከ55 ዲግሪ በታች አይውረድ፤ ብረቱ ውስጡ እያላበው ይበላል።

አውቶማቲክ ነው ቢባልም አመዱን የምትደፉት እናንተው ናችሁ።

ማጓጓዣው ቢታነቅ አስቀድማችሁ ዋናውን መብራት አጥፉ። ጎተራው ውስጥ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊጠራቀም ስለሚችል በደንብ ሳታናፍሱትና ደጅ የሚጠብቃችሁ ሰው ሳይኖር እንዳትገቡ።