ጉበት ሲቆጣ መድኃኒቱ ምንድን ነው?

የጤና ትምህርት ስንማር ጓደኞቼ አንድ ጥያቄ አነሡ፤ ይኸውም፣ «መጠጥ ጉበትን የሚጎዳው በማስቆጣት ከሆነ፣ ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒት እየዋጡ ቢጠጡስ?» የሚል ነው። ይህን የሚያስብ ሌላም ሰው ስለማይጠፋ፣ አጥንቼ ያገኘሁትን መልስ ለአንባብያን በአጭሩ አቀርባለሁ።

አልኮል ጉበት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ አሴታልዲሃይድ ወደ ተባለ መርዝ ይለወጣል፤ ይህም የጉበትን ሴሎች ይጎዳል። ከዚህም በላይ ብዙ መጠጥ የአንጀትን ግድግዳ ስለሚያላላ፣ የባክቴሪያ መርዝ በደም በኩል ወደ ጉበት ይደርሳል። በዚያ ያሉት ጠባቂ ሴሎችም ለመከላከል ይቆጣሉ። በዚህ ዓይነት ጉበት መጀመሪያ ስብ ይሞላዋል፤ ቀጥሎ ይቆጣል፤ በመጨረሻም ጠባሳ ይወርሰዋል። ይህ የመጨረሻው ደረጃ ሲሮሲስ ይባላል።

ቁጣው እጅግ ለበረታበት በሽተኛ ሐኪሞች ፕሬድኒሶሎን የተባለውን መድኃኒት የሚሰጡበት ጊዜ አለ። በብሪታንያ ከ1,000 በላይ በሽተኞች የተካፈሉበት ምርመራ ውጤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ታትሟል። መድኃኒቱ በቀን 40 ሚሊግራም ለ28 ቀን ተሰጠ። በመጀመሪያው ወር የሟቾቹ ቁጥር ጥቂት የቀነሰ ቢመስልም፣ ከ3 ወርና ከ1 ዓመት በኋላ መድኃኒቱን በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል ልዩነት አልታየም። ከባድ ኢንፌክሽን ግን ከወሰዱት 13 በመቶውን፣ ካልወሰዱት 7 በመቶውን ያዘ። ምክንያቱም ቁጣ የሰውነት ዘበኛ ስለሆነ ነው፤ ዘበኛው ከተኛ ለተሐዋስያን በሩ ክፍት ይሆናል።

እንደ ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያሉት የሕመም ማስታገሻዎችም ለዚህ አይረዱም። ከመጠጥ ጋር ሲወሰዱ ጨጓራን ሊያደሙ፣ ሲሮሲስ ባለበት ሰው ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ።

እንግዲህ ከሁሉ የሚቀድመው መድኃኒት መጠጥን መተው ነው። ስብ ብቻ የሞላው ጉበት መጠጥ ከቀረለት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊያገግም ይችላል። ለብዙ ዘመን አብዝቶ የጠጣ ሰው ግን በድንገት ማቆም አደጋ ስላለው፣ በሐኪም ርዳታ ያቁም። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ወይም ሆዱ የተነፋ ዘመድ ያለን ተማሪዎችም፣ ክኒን ገዝተን ከመስጠት ይልቅ ሳንዘገይ ወደ ሐኪም ቤት እንውሰደው። እሳት የሚጠፋው እንጨቱ ሲወጣለት ነውና።