የእንጀራ ልጅ በሕግ ልጅ የሚሆነው እንዴት ነው?



ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ አጣዬ ወርጄ ሳለሁ አንድ ጎረቤታችን ማታ ወደ ቤታቸው አስጠሩኝ። ጋሼ የምላቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ስማቸውን መጥቀስ አያስፈልግም። ቡናው ከተጠጣ በኋላ ከሣጥን ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡና «አንተ የተማርህ ነህ፤ እስቲ ይህ ምን እንደሚል ንገረኝ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባለቤታቸው ከመጀመሪያ ባላቸው የወለዱትን ወንድ ልጅ ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው። ትምህርት ቤት ሲያስገቡትም በራሳቸው ስም አስመዘገቡት። ማንም አልጠየቃቸውም፤ እርሳቸውም ጥፋት መስሎ አልታያቸውም። አሁን ልጁ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሆኖት የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ሲሄድ፣ በትምህርት ማስረጃው ላይ ያለው የአባት ስምና የወላጅ አባቱ ስም አልገጥም አለ። «የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጡ» ተባሉ። ጋሼም «ዐሥራ አራት ዓመት አባት ሆኜ ኖሬ አሁን ከማን ነው ፈቃድ የማመጣው?» እያሉ አዘኑ።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንጂ የሕግ ተማሪ አይደለሁም። ነገር ግን ከዚያ ማታ ጀምሮ ሕጉን አገላብጬ አንብቤአለሁ፤ የሕግ ትምህርት የሚማሩ ጓደኞቼንም ጠይቄአለሁ። ያገኘሁትን ለእናንተ ማካፈል የፈለግሁት፣ ከመካከላችን በእንጀራ አባት ወይም በእንጀራ እናት እጅ ያደገ ብዙ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው።

በመጀመሪያ፣ የእንጀራ ልጅ በሕግ ፊት ምንድን ነው? በእንጀራ አባትና በእንጀራ ልጅ መካከል ያለው ዝምድና የጋብቻ ዝምድና ነው። ይህ ዝምድና ፈጽሞ ባዶ አይደለም። ጋብቻው እስካለ ድረስ፣ ወይም የፈረሰው በሞት ከሆነ፣ በመካከላቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለ። ጋብቻው በፍቺ ከፈረሰ ግን ይህ ግዴታ አብሮ ይቀራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጋብቻ ዝምድና አያወርስም። የእንጀራ አባት ኑዛዜ ሳያደርግ ቢሞት፣ ሃያ ዓመት ያሳደገው ልጅ ከወራሾች መዝገብ ውስጥ የለም፤ አይቶት የማያውቀው የወንድሙ ልጅ ግን ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛው ነገር የባህላችን ጉዳይ ነው። አባቶቻችን የሌላውን ልጅ ልጅ ማድረግን ከሕግ መጽሐፍ አልተማሩትም። በአማራው ዘንድ «የጡት ልጅ» የሚባል አለ፤ ማር ተቀብቶ ልጁ እንዲጠባ ይደረግና ከዚያ ወዲያ የቤቱ ልጅ ይሆናል። በኦሮሞው ዘንድ ያለው ጉዲፈቻ ደግሞ ከሁሉ የታወቀ ነው። ቃሉም ማሳደግ ማለት ከሆነው የኦሮምኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ ዛሬ በአማርኛው ሕግ ላይ የተጻፈው ይኸው ስም ነው። እንግዲህ አማርኛው፣ ኦሮምኛውና አርጎብኛው በአንድ ገበያ በሚገናኙበት በይፋት ቆላ ላደገ ሰው ይህ ሕግ ከውጭ የመጣ እንግዳ አይደለም። ሕጉ የጨመረው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የፍርድ ቤት ማረጋገጫ ነው። ልጁን በስም መጥራት፣ ክርስትና ማንሣት ወይም በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ማስጻፍ ብቻውን ጉዲፈቻ አይሆንም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል ጉዲፈቻ በስምምነት እንደሚደረግና በፍርድ ቤት መጽደቅ እንዳለበት ደንግጎ ነበር። ስለ ቤተሰብ የሚናገረው ክፍል በኋላ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ተተካ። ይህ አዋጅ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይሠራል። የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ስላወጣ፣ የአጣዬ ሰው ጉዳዩ የሚታየው በዚህ በክልሉ አዋጅ ነው። እኔ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የአንቀጽ ቁጥሮች የፌዴራሉ ናቸው፤ ባለጉዳይ የሆነ ሰው በክልሉ አዋጅ ውስጥ ተመሳሳዩን አንቀጽ ፈልጎ ይያዝ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚያስፈልጉትን ነገሮች በተራ እንያቸው።

አንደኛ፣ ዕድሜ። ጉዲፈቻ አድራጊው ሃያ አምስት ዓመት የሞላው መሆን አለበት (አንቀጽ 184)። ልጁ ደግሞ ከዐሥራ ስምንት ዓመት በታች መሆን አለበት (አንቀጽ 185)። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ሲያድግ ራሱ ይወስናል» እየተባለ ይቆይና፣ ልጁ ዐሥራ ስምንት ሲሞላው በሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ኑዛዜ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ባልና ሚስት። በመሠረቱ ያገባ ሰው ብቻውን ጉዲፈቻ ማድረግ አይችልም፤ ሁለቱም አብረው ማድረግ አለባቸው። አንቀጽ 186 ግን አንድ ሰው የትዳር ጓደኛውን ልጅ ጉዲፈቻ ሲያደርግ ይህ ደንብ እንደማይሠራ ይናገራል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ እናት የወለደችውን ልጅ እንደገና ልጇ ማድረግ አያስፈልጋትም። ስለዚህ የእንጀራ አባት ብቻውን ያመለክታል።

ሦስተኛ፣ የወላጆች ፈቃድ። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። አንቀጽ 191 እንደሚለው ወላጆቹ በሕይወት ካሉና የታወቁ ከሆኑ አባትም እናትም ፈቃዳቸውን መስጠት አለባቸው። አንዱ ከሞተ፣ ከጠፋ፣ ካልታወቀ ወይም ፈቃዱን መግለጽ የማይችል ከሆነ የሌላው ፈቃድ ይበቃል። አንዱ ወላጅ እያለ እንቢ ያለ እንደሆነና ልጁ ዐሥር ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነው፣ ፍርድ ቤቱ የሌላውን ወላጅና የልጁን አሳብ ሰምቶ ሊያጸድቅ ይችላል። ስለዚህ አባትየው በሸዋ ሮቢት ሱቅ ከፍቶ እንደሚኖር እየታወቀ «የት እንዳለ አይታወቅም» ብሎ ማመልከት ነውርም ሐሰትም ነው። እንዲህ ያለው ማመልከቻ ኋላ ልጁን ራሱን ይጎዳዋል።

አራተኛ፣ ስምምነትና ማጽደቅ። በጉዲፈቻ አድራጊውና በልጁ አሳዳሪ መካከል የጽሑፍ ውል ይዘጋጅና ለፍርድ ቤት ይቀርባል። አንቀጽ 194 ፍርድ ቤት ያላጸደቀው ስምምነት ዋጋ እንደሌለው ይናገራል። ዳኛው ከማጽደቁ በፊት ነገሩ ለልጁ የሚበጅ መሆኑን በእርግጥ ማወቅ አለበት። የልጁን አሳብ፣ የአሳዳሪውን አሳብና የጉዲፈቻ አድራጊውን የማሳደግ ችሎታ ይመረምራል፤ ልጁን እንደ ራሱ ልጅ የሚይዝ፣ ክፉ የማያደርግበት መሆኑንም ያጣራል። የራሱ ልጆች ካሉትም የእነርሱ ደኅንነት ይታሰባል። ከጸደቀ በኋላ ውሳኔውን በወሳኝ ኩነት መዝገብ ማስመዝገብ ይገባል፤ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ጉዲፈቻም ከሚመዘገቡት ነገሮች አንዱ ነው።

ይህ የማስመዝገብ ነገር ለእኛ ለአጣዬ ሰዎች ትርፍ ነገር አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በከተማችን ላይ በደረሰው ጥፋት ብዙ ቤት ተቃጥሏል። ቤት ሲቃጠል በሣጥን ያለው ወረቀት አብሮ ይቃጠላል። በእጅ ያለ አንድ ቅጂ ብቻ ማስረጃ ነው ብሎ መተማመን እንደማይገባ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጋሼና እኔ ስንነጋገር ልጁ በራፉ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ሊሸኘኝ ሲወጣ ቀስ ብሎ «ታዲያ ያኛውን አባቴን መካድ አለብኝ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አባቱ ዐልፎ ዐልፎ እንኳ የማይጠይቀው ሰው ነው። ቢሆንም ልጁ አያቱን ይወዳል፤ በበዓል እየሄደ ይስማታል። ያን ጊዜ መልሱን አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ።

መልሱ በአንቀጽ 181ና 183 ላይ ይገኛል። የጉዲፈቻ ልጅ በማናቸውም ረገድ የጉዲፈቻ አድራጊው ልጅ ሆኖ ይቆጠራል፤ ከሌሎቹ ልጆች እኩል ይወርሳል። ሆኖም ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም። ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ ግድ የሚሆንበት ጉዳይ ሲመጣ ብቻ የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል። በእንግሊዝ አገር የጉዲፈቻ ትእዛዝ ከቀድሞው ወላጅ ጋር ያለውን የሕግ ዝምድና ይቆርጣል፤ በፈረንሳይ ደግሞ ሙሉና ቀላል የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች ሲኖሩ ቀላሉ የትውልዱን ዝምድና አያጠፋም። የእኛ ሕግ የሚመስለው ይህን ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ ፈቃድ የሚጠየቀው አባት «ልጄን ሊነጥቁኝ ነው» ብሎ መፍራት የለበትም፤ ልጁም አያቱን አይክድም። ይህን አስረድቶ ፈቃድ መለመን ከክርክር ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ሊታወቅ ይገባል። ጉዲፈቻ እንደ ጋብቻ የሚፈርስ ነገር አይደለም። እናትና የእንጀራ አባት ቢፋቱም ልጁ የአባትየው ልጅ ሆኖ ይቀራል። አንቀጽ 195 እንደሚያዘው ጉዲፈቻ በማናቸውም ምክንያት አይሰረዝም፤ ልዩነቱ አድራጊው ልጁን እንደ ባሪያ የያዘው፣ ለገንዘብ ሲል ከመልካም ጠባይ ውጭ በሆነ ሥራ ያሰማራው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ አኳኋን የያዘው እንደሆነ ነው። ስለዚህ ለእናቲቱ ፍቅር ሲል ብቻ የሚፈርም ሰው ደግሞ ደጋግሞ ያስብ።

በይፋት ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ ስለሚኖር፣ የሙስሊም ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን ጥያቄም ማለፍ አይገባኝም። በሸሪዓ ወላጅ የሌለውን ማሳደግ ታላቅ ምግባር ነው፤ ነገር ግን የልጁ የትውልድ ስም አይለወጥም፤ ያሳደገውንም እንደ ተወላጅ አይወርስም። ይህን የሚያከብር ሰው ከሀብቱ እስከ ሲሶው በኑዛዜ ሊሰጠው ይችላል። ይህም ልጁን ባዶ እጁን ከመተው የሚያድን መንገድ ነው።

ደግሞም «ጉዲፈቻ ተከልክሏል» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። በ2010 ዓ.ም. የተከለከለው ለውጭ አገር ዜጎች በጉዲፈቻ መስጠት ነው። በኢትዮጵያውያን መካከል የሚደረገውን ጉዲፈቻ አልነካም።

የጋሼ ማመልከቻ መስከረም ላይ ለወረዳው ፍርድ ቤት ቀርቧል። የልጁ ወላጅ አባትም ሽማግሌ ተልኮለት፣ ዝምድናው እንደማይቆረጥ ከተነገረው በኋላ እያመነታም ቢሆን ፈርሟል። ይህን ስጽፍ ጉዳዩ በቀጠሮ ላይ ነው። ልጁ በታኅሣሥ ዐሥራ ስምንት ዓመት ይሞላዋል፤ ስለዚህ በዚያ ቤት ቀን ይቆጠራል። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ሰው ነግሯቸው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጭንቀት ባልነበረም።

ውድ ጓደኞቼ፤ የሚነግራቸው ሰው እኛ ልንሆን እንችላለን። ለገና ወይም ለክረምት ወደየአገራችን ስንሄድ፣ በየቤታችንና በየጎረቤታችን የእንጀራ ልጅ የሚያሳድግ ደግ ሰው አይጠፋም። ልጁ ስንት ዓመቱ እንደሆነ እንጠይቀው።