ሦስት ጊዜ ሄዶ አንዴም ያላሸነፈው በረኛ

አርኖልድ ባጁ በ1930፣ በ1934 እና በ1938 የዓለም ዋንጫዎች የቤልጂየም ቡድን አባል ነበር (ቀኖቹና ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አገሩ ግን በሦስቱም አንድ ጨዋታ እንኳ አላሸነፈችም። ታዲያ ባጁ ደካማ በረኛ ነበር? መልሱን ለማግኘት ከውጤቱ በፊት ዘመኑን ማየት ያስፈልጋል።

ባጁ የተወለደው በብራስልስ ላኬን ሰፈር ሰኔ 25 ቀን 1909 ነው። 21 ዓመት የሞላው ደግሞ ባሕር ላይ ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ በኡራጓይ ሲዘጋጅ ከአውሮፓ የሄዱት አራት አገሮች ብቻ ናቸው፤ ጉዞው ለደርሶ መልስ ሳምንታት ስለሚፈጅ ብዙዎቹ ቀሩ። ቤልጂየሞች ከባርሴሎና የተሳፈሩበት ኮንቴ ቬርዴ የተባለው መርከብ የሮማኒያንና የፈረንሳይን ተጫዋቾች፣ የፊፋውን ፕሬዚዳንት ዡል ሪሜንና ዋንጫውን ጭምር ይዞ ሐምሌ 4 ቀን ሞንቴቪዴዮ ደረሰ።

የያኔ በረኛ ሥራ ከዛሬው በጣም ይለያል። ኳሱ በክር የሚታሰር ወፍራም ቆዳ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። በረኞች በአብዛኛው ጓንት አያጠልቁም ነበር። ኳስ የያዘን በረኛ በትከሻ መግፋት ሕጉ ይፈቅድ ነበር። ከ1929 ጀምሮ ደግሞ ፍጹም ቅጣት ምት ሲመታ በረኛው ኳሷ እስክትመታ ድረስ መስመሩ ላይ ሳይንቀሳቀስ እንዲቆም ተደነገገ። ቢጎዳም ተቀያሪ የለም፤ እጁ እያመመው ይቀጥላል፣ አለዚያ ጓደኛው ሹራቡን ለብሶ ግቡ ውስጥ ይገባል።

ሐምሌ 13 ቀን፣ በደቡቡ ክረምት፣ አሜሪካ ቤልጂየምን 3 ለ 0 አሸነፈች። ከሳምንት በኋላ ፓራጓይ 1 ለ 0 ረታቻት። ከምድቡ የሚያልፈው አንድ ቡድን ብቻ በመሆኑ የባጁ የመጀመሪያ ዓለም ዋንጫ በሁለት ጨዋታ አበቃ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፦ ባጁ አራት ጎል ቢገባበትም ጓደኞቹ በሁለቱ ጨዋታዎች አንድም አላገቡም። በረኛ ምንም ጎል ባይገባበት እንኳ ከዚህ የሚያተርፈው አቻ ብቻ ነው። የዚያን ዘመን ታላቁ ቤልጂየማዊ አጥቂ ሬይሞን ብሬን አልተጓዘም፤ ካፌ በመክፈቱ ከስሙ ተጠቅሞ ገንዘብ ያገኛል ተብሎ፣ በአማተርነት ደንብ ታግዶ ነበር።

በ1934 እና በ1938 የምድብ ጨዋታ የሚባል ነገር አልነበረም፤ አንዴ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ነው። በ1934 ጀርመን ፍሎረንስ ላይ 5 ለ 2 ስታሸንፍ ግቡን የጠበቀው ሌላ ሰው ነበር። ተቀያሪ በሌለበት ዘመን ተጠባባቂ በረኛ መሆን ተመልካች ከመሆን አይለይም። በ1938 ባጁ ተሰልፎ ፈረንሳይ ፓሪስ አጠገብ 3 ለ 1 አሸነፈች። ስለዚህ በሦስት ዋንጫ የተጫወተው ሦስት ጨዋታ ብቻ ሲሆን፣ አጥቂዎቹም በእነዚያ ሁሉ ያገቡለት አንድ ጎል ነው።

አሁን ወደ ክለቡ እንሂድ። የብራስልሱ ዴሪንግ፣ ለ60 ጨዋታ ሳይሸነፍ የቆየውን ጎረቤቱን ዩኒየንን በየካቲት 1935 የረታ፣ በ1936 እና በ1937 የቤልጂየም ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ነው። ባጁ የዚህ ክለብ በረኛ ነበር። እጁ ያው እጅ ነው፤ የተለየው ከፊቱ የሚሰለፈው ቡድን ነው። አንድ እጅ አያጨበጭብም የምንለው ለዚህ ነው።

ቤልጂየም የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫ ድሏን ያገኘችው በ1970 ሜክሲኮ ውስጥ ኤል ሳልቫዶርን 3 ለ 0 በማሸነፍ ነው። ባጁ ያኔ 61 ዓመት ሊሞላው ሳምንታት ቀርተውታል። ያረፈው በ1994 ነው። ያን ድል ለማየት ከኮንቴ ቬርዴ ጉዞ ጀምሮ 40 ዓመት ጠብቋል።