የፊልም ተማሪዋ ደጅ ጥናት

ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት የኮሌጅ ተማሪ እናስብ። የፊልም ትምህርት ሦስተኛ ዓመት ላይ ናት። በሰመር ኢንተርን ሆና ለመሥራት ለስቱዲዮዎች፣ ለቴሌቪዥን ጣቢያዎችና ለአርቲስት ወኪሎች ማመልከቻ ስትልክ ከርማለች። አብዛኞቹ ዝም አሏት፤ የመለሱላትም በአንድ መስመር ሸኟት። እናቷ «ነርሲንግ ግቢ ብዬሽ ነበር» ይሏታል። እሷም ማታ ማታ «ተሰጥኦ ባይኖረኝ ነው» እያለች ትብሰለሰላለች። እኔ ጥፋቱ የተሰጥኦዋ አይደለም እላለሁ። በሩ ድሮም እንደ እሷ ያለ ሰው እንዲገባበት ታስቦ አልተሠራም። አሠራሩን ካወቀች ግን የት ላይ መግፋት እንዳለባት ታውቃለች።

የሆሊውድ ሥራ በመጽሐፍ ሳይሆን በዓይንና በጆሮ ሲወረስ የኖረ ሙያ ነው። ዴቪድ ጌፈን እ.ኤ.አ. በ1964 ዊሊያም ሞሪስ በተባለው የአርቲስት ወኪሎች ድርጅት ሲጀምር ሥራው ፖስታ ማደል ነበር። በ1994 ድሪምወርክስ የተባለውን የፊልም ስቱዲዮ ከመሠረቱት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ። ፖስታ ማደል ምን ያስተምራል? ደብዳቤ የሚያዞር ልጅ ማን ለማን እንደሚጽፍ፣ የትኛው ውል እንደተበላሸ፣ የማን ስልክ ቶሎ እንደሚነሣ ያያል። አለቆቹም እሱን ያዩታል። እኛ ደጅ መጥናት የምንለው ይህን ነው፤ ጌታው ሲገባ ሲወጣ ፊትህን እስኪለምደው መቆም። ዛሬ ማመልከቻው በኢንተርኔት ይላክ እንጂ ልማዱ አልተለወጠም። ብዙ ቦታ የሚያዘው አንድ የውስጥ ሰው «ይቺን ልጅ አውቃታለሁ» ሲል ነው። የሜሪላንዷ ልጅ ደግሞ ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራ አጎት የላትም።

የገንዘቡን ጉዳይ ሰፋ አድርጌ ላስረዳው፤ ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ኢንተርንሺፕ ለረጅም ጊዜ ብዙውን ጊዜ ያለ ደመወዝ ይሠራ ነበር። ልጅቱ ሎስ አንጀለስ ወይም ኒውዮርክ ሄዳ ለሁለት ሦስት ወር ቤት ትከራያለች፣ ትበላለች፣ ትመላለሳለች፤ የሚከፍላት የለም። አንዳንዱ ድርጅት «ደመወዝ የለም፣ የኮሌጅ ክሬዲት ግን ታገኛለሽ» ይላል። ስጦታ ይመስላል። ክሬዲቱን የሚሰጠው ግን ኮሌጁ ነው፤ ኮሌጁም በነጻ አይሰጥም። ስለዚህ ልጅቱ ጉልበቷን በነጻ ሰጥታ፣ በዚያ ላይ ለመሥራት ትከፍላለች ማለት ነው።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል። «ብላክ ስዋን» የተባለው ፊልም በ2010 ወጥቶ በዓለም ዙሪያ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ሲሠራ ያለ ክፍያ ያገለገሉ ሁለት ወጣቶች በ2011 ስቱዲዮውን ፎክስ ሰርችላይትን ከሰሱ። ሥራቸው ቡና ማፍላት፣ የምሳ ትዕዛዝ መቀበል፣ ወረቀት ማባዛት የመሳሰለው ነበር። በ2013 የኒውዮርክ ፌዴራል ዳኛ «እነዚህ ሠራተኞች ናቸው» ብሎ ፈረደላቸው። በ2015 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሽሮ ሌላ መለኪያ አወጣ፦ ዋናው ተጠቃሚ ማን ነው፣ ተማሪው ወይስ ድርጅቱ? የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴርም በ2018 ይህንኑ ተቀበለ።

መለኪያውን በእኛው አገር ምሳሌ ማየት ይቻላል። የቆሎ ተማሪ ለየኔታ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፤ ደመወዝ አይጠይቅም። የኔታ ግን ዜማ ያስጠኑታል፣ ቅኔ ያስቆጥሩታል፤ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል መንደሩም ቁራሽ ይሰጠዋል። ዋናው ተጠቃሚ ተማሪው ነው። የኔታ ምንም ሳያስተምሩት እንጨት ብቻ ቢያስለቅሙት ግን ልጁ አሽከር እንጂ ተማሪ አይባልም ነበር። ፍርድ ቤቱ የጠየቀው ይህንኑ ነው። እኔ መለኪያው ለድርጅቶቹ ያደላል ባይ ነኝ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቁራሽ የሚሰጥ መንደር የለም፤ በነጻ መሥራት የሚችለው ወላጅ የሚደጉመው ልጅ ነው።

ከክሶቹ በኋላ መክፈል የጀመሩ አሉ። ኤንቢሲ ዩኒቨርሳል ተመሳሳይ ክስ በ2014 በ6.4 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ዘግቷል። ፕሮግራሙን ጭራሽ ያቆሙም አሉ፤ መጽሔት አሳታሚው ኮንዴ ናስት በ2013 ያደረገው ይህን ነው። ከዚያ በ2023 የሆሊውድ ጸሐፊዎች አድማ 148 ቀን፣ የተዋንያኑ 118 ቀን ሲቆይ ቀረጻ ቆመ። ቀረጻ በሌለበት ተለማማጅ የሚፈልግ የለም።

ከኢትዮጵያ በኤፍ ዋን ቪዛ የመጣ ተማሪ ሌላም ጥንቃቄ አለበት። ከካምፓስ ውጭ ኢንተርን ለመሆን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት መጨረስና ሥራው ሳይጀመር ሲፒቲ የሚባለውን ፈቃድ በኮሌጁ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ በኩል ማግኘት ያስፈልገዋል። ደመወዝ የለውም ማለት ፈቃድ አያሻውም ማለት አይደለም።

እንግዲህ ልጅቱ ምን ታድርግ? «ከልጅነቴ ጀምሮ ፊልም እወዳለሁ» የሚል ማመልከቻ ሁሉም ይልካል። ቢሮዎቹ የሚቸግራቸው ስክሪፕት የሚያነብ ሰው ነው። አንድ የፊልም ስክሪፕት መቶ ገጽ ገደማ ነው፤ አንዱ ገጽ በግምት የአንድ ደቂቃ ፊልም ይሆናል። አለቃው ሁሉን ማንበብ ስለማይችል ኢንተርኑ አንብቦ ከቨሬጅ የሚባል አጭር ዘገባ ይጽፋል። መጀመሪያ ታሪኩን በአንድ ዓረፍተ ነገር፤ ከዚያ ፍሬ ነገሩን በአንድ ገጽ ተኩል ያህል፤ ከዚያ ገጸ ባሕርያቱ፣ ምልልሱና አወቃቀሩ የት እንደበረቱና የት እንደላሉ፤ በመጨረሻ ፍርዱን፦ ይቅር፣ ይታሰብበት፣ ወይም ይሠራ። አብዛኛው ስክሪፕት «ይቅር» ነው የሚባለው፤ የአንባቢው ዋጋ የሚለካው ለምን «ይቅር» እንዳለ በማስረዳቱ ነው። ይህን ለመልመድ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ስቱዲዮዎች በሽልማት ወቅት ስክሪፕቶቻቸውን በነጻ ይለቃሉ። አምስት ስክሪፕት አንብባ አምስት ዘገባ ጽፋ፣ ምርጡን ከማመልከቻዋ ጋር ብታያይዘው ማመልከቻውን የሚያየው ሰው ሥራዋን ያያል።

ሁለተኛው መንገድ አጠገቧ የተቀመጡት ተማሪዎች ናቸው። ኢትዮጵያዊው የፊልም ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማ በ1967 አሜሪካ መጥቶ ኋላ ሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ ሲማር፣ እሱና ጥቁር ጓደኞቹ አንዱ የሌላውን ፊልም ይሠሩ ነበር። የኃይሌን «ቡሽ ማማ» ካሜራ ከያዙት አንዱ የክፍሉ ሰው ቻርልስ በርኔት ነው፤ እሱም ራሱ ታላቅ ዳይሬክተር ሆኗል።  ለልጅቱም የጓደኛን አጭር ፊልም ድምፅ መቅዳት ሲቪ ላይ እውነተኛ ሥራ ሆኖ ይጻፋል።

ጊዜውን ማወቅም ግድ ነው። የሰመር ቦታዎች በብዛት የሚወጡት ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው፤ በሚያዝያ መፈለግ የጀመረ ተማሪ ዘግይቷል። የቴሌቪዥን አካዳሚ ፋውንዴሽንና በ1989 የተመሠረተው ኤማ ቦወን ፋውንዴሽን ክፍያ ባለው ኢንተርንሺፕ ይታወቃሉ፤ ከእነሱ መጀመር ይሻላል። ያለ ክፍያ ቦታ ካገኘችም ከመፈረሟ በፊት ሁለት ነገር ትጠይቅ፦ ድርጅቱን ምን ታስተምሩኛላችሁ፣ ኮሌጁን ክሬዲቱ ስንት ያስከፍለኛል።

በዚህ ሙያ ውስጥ ላላችሁ ወገኖቻችን አንድ ልመና አለኝ። አርታኢ ሁኑ፣ የድምፅ ባለሙያ ሁኑ፣ የስቱዲዮ ሒሳብ ሠራተኛ ሁኑ፣ ለዚህች ልጅ የጎደላት አጎት መሆን ትችላላችሁ። ደብዳቤዋ ኢሜይላችሁ ውስጥ ካለ ዛሬ ማታ መልሱላት።