በድምፅ ማንበብ፦ ከሚኒሶታው የንባብ ሬዲዮ እስከ ዶርማችን



በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ለፈጅር ሁለት ሰዎች አዛን ያደርጉ እንደነበር ከመድረሳ ጀምሮ እናውቃለን። ቢላል (ረ.ዐ) ገና ሌሊት ሳለ ይጣራል፤ ጾመኛው ግን ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ) እስኪጣራ ድረስ መብላትና መጠጣት ይችላል። ኢብኑ ኡሙ መክቱም ዐይነ ስውር ስለነበር ጎሕ መቅደዱን የሚያውቀው ሰው ሲነግረው ነበር። ሐዲሱን ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቀዋለን፤ ልብ የማንለው ነጋሪውን ነው። ያ ሰው ቢቸኩል ወይም ቢዘገይ የሚሳሳተው አንድ ሙአዚን ብቻ አልነበረም፤ የከተማው ጾም ጭምር ነበር። ሥራው ያየውን እንዳየው መንገር ነው፤ አይጨምርበትም፣ አይቀንስለትም።

የዚህ ወር ትምህርታችን ይህንኑ ሥራ በሬዲዮ ስለሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ነው። ርዕሱን የመረጥነው ራሳችን ስለተሳሳትንበት ነው። ስሕተቱን ወደ በኋላ እንናገራለን፤ መጀመሪያ ታሪኩን።

የመጀመሪያው የንባብ ሬዲዮ ሥራ የጀመረው በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 1969 ነው። በግዛቱ የዐይነ ስውራን አገልግሎት መሥሪያ ቤት ይሠሩ የነበሩት ስታንሊ ፖተርና ሮበርት ዋትሰን ያሰቡት ነገር ቀላል ነበር። በብሬል የተዘጋጀ ወይም በሸክላ የተቀዳ መጽሐፍ ለአንባቢው እስኪደርስ ወራት ይፈጃል፤ የዛሬ ጋዜጣ ግን ዛሬ ካልተነበበ ጋዜጣ አይደለም። ስለዚህ ጋዜጣውን፣ መጽሔቱንና አዳዲስ መጻሕፍቱን በጎ ፈቃደኞች ማይክሮፎን ፊት ተቀምጠው እንዲያነቡ አደረጉ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1971 በካንሳስ ግዛት፣ ሎረንስ ከተማ፣ ፒቲ ሰርፍ የተባለች ሴት ተመሳሳይ አገልግሎት አስጀመረች። መቀመጫውም የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ይህ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የሚሠራ ሥራ መሆኑን ያዙልን።

በእነዚህ ጣቢያዎች የሚነበበው ዜናና ልብወለድ ብቻ አይደለም። የሞቱ ሰዎች ማስታወቂያ ይነበባል፤ የሱቆች የሳምንት ዋጋ ቅናሽ ይነበባል፤ የእሑድ ጋዜጣ የሥዕል ቀልድ ሳይቀር ሥዕሉ እየተገለጸ ይነበባል። መጀመሪያ ስንሰማ የዱቄት ዋጋ በሬዲዮ ማንበብ አስቆን ነበር። ቆይተን ስናስበው ግን፣ ገበያ የሚወጣ ሰው ሁሉ ማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ማየት የሚችለው አንዴ ዐይኑን ጣል አድርጎ ያልፈዋል፤ የማይችለው ሌላ ሰው መጠየቅ አለበት፤ በየቀኑ መጠየቅ ደግሞ ያሳፍራል።

አድማጮቹም ዐይነ ስውራን ብቻ አይደሉም። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ መጽሐፍ መያዝ የማይችል አለ፤ ሰውነቱ ሽባ ሆኖ ገጽ መግለጥ የማይችል አለ፤ ዐይኑ እያየ ፊደላት የሚዘበራረቁበትም አለ። በአንድ ላይ «የታተመ ጽሑፍ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች» ይባላሉ። ክላስ ውስጥ «ሰነፍ ነው» ብለን ያለፍነው ጓደኛችን ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል።

አሁን ትንሽ ወደ ኢንጂነሪንጉ እንግባ፤ ሌላ ዲፓርትመንት ያላችሁ ታገሡን፤ ነገሩ ደስ ይላል። የሚኒሶታው አገልግሎት የራሱ ማሰራጫ አልነበረውም። ኮሌጅቪል ከሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ኤፍ ኤም ጣቢያ ጋር አብሮ ተጓዘ። አንድ የኤፍ ኤም ስቴሪዮ ጣቢያ የሚልከውን ምልክት ከፍተን ብናይ፣ እስከ 15 ኪሎኸርዝ ድረስ የሁለቱ ድምፆች ድምር አለ። 19 ላይ አብራሪ ቃና የሚባለው ይቀመጣል፤ ከ23 እስከ 53 የግራና የቀኝ ልዩነት ነው። ከዚያ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ነው። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ፣ ብዙ ጊዜ 67 ኪሎኸርዝ ላይ፣ ሌላ ንዑስ ሞገድ አሳፍሮ ሁለተኛ ፕሮግራም መላክ ይቻላል። ተራ ሬዲዮ አይሰማውም፤ ሙዚቃ የሚያዳምጠው ሰው ከሙዚቃው በላይ አንድ ሰው ጋዜጣ እያነበበ መሆኑን አያውቅም። ለመስማት ልዩ መቀበያ ያስፈልጋል፤ እሱም ለአንድ ጣቢያ ብቻ ተስተካክሎ ለተመዘገበ አድማጭ ቤቱ ድረስ ይሰጠዋል። ድምፁ ጠባብ ነው፤ ሕንፃና ተራራ ባለበት ይንሿሿል። ለሙዚቃ አይሆንም፤ ለንግግር ግን ይበቃል።

መቀበያው የተለየ መሆኑ ሌላም ጥቅም ነበረው። ደራሲ የጻፈውን መጽሐፍ ሙሉውን ለሕዝብ በሬዲዮ ማንበብ የቅጂ መብት ጥያቄ ያስነሳል። የ1976ቱ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ግን ለእነዚህ አድማጮች ታስቦ፣ ለትርፍ ሳይሆን ለሚደረግ ንባብ በሩን ከፈተ። ዛሬ አብዛኛው አገልግሎት በኢንተርኔትና በስልክም ይሰማል።

ለአንባቢዎቹ የሚሰጠው መመሪያ በየጣቢያው ተቀራራቢ ነው። ከመጀመራቸው በፊት ይፈተናሉ። ሲያነቡ የጽሑፉን ርዕስ፣ ጸሐፊና ቀን ይናገራሉ። እንደተጻፈ ያነባሉ፤ ያልወደዱትን አይዘሉም፤ የራሳቸውን አስተያየት አይጨምሩም። ጋዜጣው የማይስማሙበትን ፖለቲከኛ ቢያወድስም ድምፃቸውን አይቀይሩም። ይህን ስናነብ ተሸማቀቅን፤ ምክንያቱ እነሆ።

ባለፈው ሴሚስተር አንድ የሕግ ተማሪ ወንድማችን፣ ዐይነ ስውር ነው፣ ሃንድአውቱን እንድናነብለት ጠየቀን። ሃንድአውቱ ፎቶ ተነሥቶ የተቀመጠ ስለነበር የስልኩ አንባቢ ሶፍትዌር ምንም ሊያወጣለት አልቻለም። ከአንድ ዶርም አራት ሆነን በስልካችን ቀዳንለት። ኒያችን ጥሩ ነበር፤ ግን ተቻኩለናል። የግርጌ ማስታወሻዎቹን «ቁጥር ብቻ ነው» ብለን ዘለልናቸው። አንዱን አንቀጽ ረዘመብንና «ባጭሩ እንዲህ ነው የሚለው» ብለን አለፍነው። አንዱ ዐረፍተ ነገር የተሳሳተ መስሎን አርመን አነበብነው። እኛ የሕግ ተማሪዎች አይደለንም!

ፈተናው ላይ ከግርጌ ማስታወሻው ጥያቄ ወጣ። ወንድማችን ማስታወሻ መኖሩን ያወቀው ከፈተናው በኋላ ከክላስ ጓደኛው ነው። ዶርማችን መጥቶ እንዲህ አለን፦ «ጀዛኩሙላሁ ኸይረን፤ ድካማችሁን አልረሳም። ግን የሚጠቅመኝን እናንተ መረጣችሁልኝ። የማይጠቅመኝን መዝለል እኔም እችላለሁ።» ምን እንመልሳለን? ዐፍው ጠየቅን፤ እሱም አለፈን፤ ውጤቱ ግን እንደወጣ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን እንደ ትምህርት የያዝነው። አስቸጋሪ ሆነው ያገኘናቸውን እናካፍላችሁ። የሒሳብ ቀመር ዋነኛው ነው። «ኤ ሲደመር ቢ፣ ሲካፈል ለሲ» ብሎ የሚያነብ ሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ድምፅ ተናግሯል፤ የሚካፈለው ቢ ብቻ ነው ወይስ ድምሩ? ቅንፍ የት እንደተከፈተና የት እንደተዘጋ ካልተነገረ ሰሚው አያውቅም። ሠንጠረዥ ሲመጣ አስቀድሞ ስንት ዐምድ እንዳለውና የየዐምዱን ስም መናገር ይገባል፤ ከዚያ ረድፍ በረድፍ። ግራፍ ሲሆን አግድሙና ቁመቱ ምን እንደሚለኩ፣ መስመሩ የት ተነሥቶ የት እንደሚታጠፍ ይነገራል። «ግራፉ ያድጋል» ማለት ግን የእኛ ትርጓሜ ነው።

አማርኛ ስናነብ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» ጠብቆ በዓል ነው፣ ላልቶ «እስካሁን» ነው፤ «ዋና» ጠብቆ አለቃ ወይም ቁም ነገር ነው፣ ላልቶ ውኃ ውስጥ ነው። ማሽን እዚህ ላይ ይስታል፤ ሰው ግን የሚያነበው ከገባው አይስትም። ስለዚህ ከመቅዳት በፊት ገጹን አንዴ በዝምታ ማንበብ ግድ ነው። ቁርአን የቀራን ሰዎች ይህ አይከብደንም። ወቅፍ ያለ ቦታው ሲሆን ትርጉም እንደሚገለባበጥ ኡስታዞቻችን ስንቴ አስቁመው መልሰውናል!

ዑለማዎቻችንም በዚህ መንገድ ኖረዋል። ሸይኽ ዐብዱልዐዚዝ ቢን ባዝ (ረሒመሁላህ) በ20 ዓመታቸው አካባቢ ዐይናቸው ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ ኪታብ እየተነበበላቸው ኖሩ፤ በ1993 የሳዑዲ ዐረቢያ ሙፍቲ ሆኑ። ከጎናቸው ተቀምጦ የሚያነብ ቃሪእ ሁልጊዜ ነበር።

ስለ ሕጉ ብዙ ጥያቄ ስለመጣልን ባጭሩ፦ በ2013 እ.ኤ.አ. ማራኬሽ ላይ የጸደቀና በ2016 ሥራ ላይ የዋለ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፤ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች መጻሕፍትን በሚመቻቸው መልክ ማዘጋጀትን ይፈቅዳል። ፈቃዱ ለእነሱ ነው። የቀዳነውን ለማንም ክፍት በሆነ የቴሌግራም ቻናል ላይ መልቀቅ የደራሲውን ሐቅ መንካት ነው፤ ፋይሉን ለሚመለከተው ሰው ብቻ እንልካለን።

በዚህ ሴሚስተር ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ እንቀዳለን። እህቶች በየዶርማቸው ቀድተው በተወካያቸው በኩል ይልካሉ። አንድ ሰው ከ30 ደቂቃ በላይ አያንብብ፤ ጉሮሮ ሲደክም መዝለል ይጀመራል፤ ከራሳችን አይተነዋል። እያንዳንዱ ፋይል በኮርሱ ስም፣ በምዕራፉና በገጽ ቁጥሩ ይሰየም፤ ሌላ አንድ ሰው ገጹን እያየ ሳይሰማው አይላክ። እስካሁን የሕግ ወንድማችን የውል ሕግ ሦስት ምዕራፎች ከነግርጌ ማስታወሻቸው አልቀዋል። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ የጄኔሬተር ድምፅ ስለገባበት እንደገና ይቀዳል፤ የመጀመሪያዎቹን 12 ገጾች የሚወስድ ሰው እንፈልጋለን።