ትምህርት ዐሥራ አራት፦ ሰማይን ማስተዋልና ያዩትን መጻፍ

የትምህርቱ ዓላማ፦ ተማሪዎች ይህን ትምህርት ሲጨርሱ በዓይናቸው ያዩትን፣ ከሌላ የሰሙትንና በግምት የደረሱበትን ነገር በተገቢው የግሥ ቅርጽ ለይተው መጻፍ ይችላሉ።

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡ፤ ሁለተኛ ጊዜ ስታነቡ ግን ዐረፍተ ነገሩን በሚያስሩት ግሦች ሥር አስምሩ።

የእንጨቱ ጥላ

ሥነ ፈለክ ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃ፣ ስለ ፕላኔቶችና ስለ ከዋክብት የሚያጠና ዕውቀት ነው። የሰውን ዕድል ከኮከቡ አውቃለሁ ከሚለው ከኮከብ ቆጠራ ጋር ሊምታታ አይገባም። ኮከብ ቆጣሪ የተናገረውን ሌላ ሰው መርምሮ ሊያረጋግጠው አይችልም፤ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ የተናገረውን ግን ማንም ሰው አይቶ፣ ለክቶና ቆጥሮ ሊፈትነው ይችላል። የሁለቱ ልዩነት ከዚህ ላይ ነው።

ይህ ዕውቀት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብ የሚማር ደቀ መዝሙር የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን የሚያወጣው ራሱ አስልቶ ነው። ለምሳሌ 2012 ዓመተ ምሕረትን ቢሰጡት፣ 5500 ደምሮ 7512 ያገኛል፤ ይህን ለ19 ሲያካፍል 7 ይተርፈዋል፤ ከ7ቱ 1 ሲቀንስ ወንበሩ 6 ይሆናል። ወንበሩን በ11 ሲያባዛ 66 ይመጣል፤ ከዚህ ሁለት ጊዜ ሠላሳ ሲገድፍ አበቅቴው 6 መሆኑን ይደርስበታል። ለ19 የሚያካፍለውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ19 የፀሐይ ዓመታት ውስጥ ጨረቃ 235 ጊዜ ያህል ስለምትታደስ ነው።

በዘመናችን ደግሞ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ተመሥርቷል። በእንጦጦ ተራራም የመስተዋታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ይሁን እንጂ የሥነ ፈለክ ትምህርት ቴሌስኮፕ እስኪገኝ ድረስ መቆየት የለበትም። በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኝ ተማሪ ወደ እንጦጦ ሳይወጣ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ትምህርቱን ሊጀምር ይችላል። የሚያስፈልገው 1 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት፣ ድንጋይ የታሰረበት የቱንቢ ገመድ፣ ማስመሪያና ደብተር ብቻ ነው።

እንጨቱ በደልዳላ መሬት ላይ ይተከላል፤ አለመዝመሙም በቱንቢ ይረጋገጣል። ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ በየ5 ደቂቃው የጥላው ጫፍ በጠጠር ይመለከታል። ጥላው እጅግ የሚያጥርበት ቅጽበት የዚያ ስፍራ እውነተኛ እኩለ ቀን ነው። ይህ ቅጽበት ልክ በ6 ሰዓት አይውልም፤ እንደ ወቅቱ ከ6 ሰዓት ከ10 ገደማ እስከ 6 ሰዓት ከ40 ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። ሰዓታችን የተቀመረው ከግሪንዊች በስተምሥራቅ 45 ዲግሪ ላይ ላለው መስመር ሲሆን፣ አዲስ አበባ የምትገኘው 39 ዲግሪ ገደማ ላይ ነውና ፀሐይ ወደ እኛ ዘግይታ ትደርሳለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በአውሮፓ ለሚማሩ ልጆች የተጻፉ መጻሕፍት የእኩለ ቀን ጥላ ዘወትር ወደ ሰሜን እንደሚወድቅ ያስተምራሉ። ይህ ለእነርሱ እውነት ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 5 ገደማና ነሐሴ 24 ገደማ፣ በአናታችን ትክክል ታልፋለች። በእነዚህ ቀናት እኩለ ቀን ላይ የእንጨቱ ጥላ ይጠፋል። በሁለቱ መካከል ባሉት አራት ወር ተኩል ያህል ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል። የ1 ሜትር እንጨት ጥላ በሰኔ 14 ገደማ 26 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ደቡብ፣ በታኅሣሥ 12 ገደማ ደግሞ 63 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ሰሜን ያመለክታል።

እንግዲህ በግንቦት ወር አንድ ተማሪ ጥላው ወደ ደቡብ ወድቆ አየ እንበል። የያዘው መጽሐፍ «ወደ ሰሜን» ይላል። ተማሪው ምን ብሎ ይጻፍ? መጽሐፉን ፈርቶ ያላየውን ቢጽፍ ደብተሩ ዋጋ ያጣል። ያየውን ሳይደግም «መጽሐፉ ተሳስቷል» ብሎ ቢቸኩልም ከስሕተት አይድንም፤ እንጨቱ ዘሞ ወይም አቅጣጫው ተምታቶበት ሊሆን ይችላልና። ትክክለኛው መንገድ ያየውን እንዳየው መጻፍ፣ በማግስቱ መድገም፣ ጓደኛውም ለብቻው እንዲለካ ማድረግና መጽሐፉ ስለ የትኛው አገር እንደሚናገር መመርመር ነው።

ለ. የቃላት ፍች

ቱንቢ፦ ግድግዳ ወይም ምሰሶ ቀጥ ብሎ መቆሙ የሚታወቅበት ገመድና ክብደት።
አበቅቴ፦ በባሕረ ሐሳብ ስሌት የጨረቃና የፀሐይ ቀኖች ልዩነት የሚታሰብበት ቍጥር።
መግደፍ፦ (እዚህ) ከቍጥር ላይ እየቀነሱ መተው።

ሐ. ሰዋስው፦ የግሥ ቅርጽና የማስረጃው ዐይነት

አማርኛ አንድን ድርጊት ስንናገር ወሬውን ከየት እንዳገኘነው በግሡ አማካይነት ለመግለጥ ያስችለናል። የሚከተሉትን አነጻጽሩ፦

1. ጥላው ወደ ደቡብ ወደቀ። (ተናጋሪው ድርጊቱን እንደ ተፈጸመ አድርጎ በእርግጠኝነት ይናገራል።)
2. ጥላው ወደ ደቡብ ወድቋል። (ድርጊቱ ተፈጽሞ ውጤቱ አሁንም አለ።)
3. ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል። (ዘወትር የሚሆነውን ወይም ወደ ፊት የሚሆነውን ያመለክታል።)
4. ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል ይባላል። (ተናጋሪው የሰማውን ያስተላልፋል።)
5. ጥላው ወደ ደቡብ ሳይወድቅ አይቀርም። (ተናጋሪው ይገምታል።)

አንድ ቀን ብቻ አይታችሁ 3ኛውን መጻፍ ከማስረጃችሁ በላይ መናገር ነው፤ በዓይናችሁ አይታችሁ 4ኛውን መጻፍ ደግሞ ድካማችሁን ለሌላ አሳልፎ መስጠት ነው።

መ. መልመጃ

1. ሥነ ፈለክና ኮከብ ቆጠራ በምን ይለያያሉ? በሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፉ።
2. እውነተኛው እኩለ ቀን በአዲስ አበባ ልክ በ6 ሰዓት የማይውለው ለምንድን ነው?
3. በምንባቡ የተሰጠውን መንገድ ተከትላችሁ የ2013 ዓ.ም.ን ወንበርና አበቅቴ አውጡ።
4. «ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጨረቃ ፀሐይን ሸፈነች፤ በላሊበላም ፀሐይ ቀለበት መስላ ታየች» የሚለውን፣ (ሀ) በስፍራው ሆኖ እንዳየ ሰው፣ (ለ) ወሬውን እንደ ሰማ ሰው ጻፉ። የለወጣችኋቸውን ግሦች ለይታችሁ አሳዩ።

ሠ. ድርሰት

ከሚከተሉት አንዱን መርጣችሁ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ድርሰት ጻፉ።

1. በግቢያችሁ እንጨት ተክላችሁ የጥላውን ርዝመትና አቅጣጫ ለአምስት ቀናት መዝግቡ። በመጀመሪያው አንቀጽ ያያችሁትን ብቻ፣ በሁለተኛው ከመጽሐፍ ያገኛችሁትን፣ በሦስተኛው ግምታችሁን ጻፉ። ደመና የከለከላችሁን ቀን «አልታየም» በሉ እንጂ ባዶውን ቦታ በግምት አትሙሉ። ፀሐይን በቀጥታ በዓይናችሁ አትመልከቱ፤ ዓይንን ያጠፋል።

2. በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያውያንን ሐሳብ በመቀበል ለአንዲት ሩቅ ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያዋ ለምትዞረው ፕላኔት «አቦል» የሚል ስም ተሰጥቷል። ስሞቹ ከቡና ሥርዓታችን ጋር ያላቸውን ግንኙነት፣ ሌሎች ፕላኔቶች ቢገኙም «ቶና» እና «በረካ» ቢባሉ ይስማማ እንደ ሆነ አስረዱ።