አባት ሲገባ የተኙ ልጆች

ከአዲስ አበባ የተላከው ባለ ሁለት ገጽ ደብዳቤ የሚጠይቀው ስለ እንቅልፍ ነው። የ5 ዓመት ወንድ ልጅና የ20 ወር መንታዎች እናት የሆኑት ጠያቂ፣ ከመንታዎቹ ወንዱ ሲነቃ ሴቷንም እየቀሰቀሰ ስላስቸገራቸው፣ ሁለቱን በአንድ ሰዓት ማስተኛት ይሻል እንደሆነ ወይም አንዱ ካሸለበ በኋላ ሌላዋን ማስከተል እንደሚገባ ማወቅ ይፈልጋሉ። አንድ ላይ ይተኙ፤ የቀኑም እንቅልፍ ከቀኑ 10 ሰዓት አይለፍ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት እንዲተኛ የሚመክር ሲሆን፣ መንታዎቹ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት፣ በዚያም ላይ ከምሳ በኋላ ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል እንደሚተኙ ደብዳቤው ራሱ ይመሰክራል። በእንቅልፋቸው ላይ የጎደለ ነገር የለም።

የጎደለው ሌላ ነው፤ እሱም በሁለተኛው ገጽ መካከል፣ እግረ መንገዷን የገባች በምትመስል አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገኛል፦ «እሱ ሲገባ አንድም የሚያለቅስ ልጅ እንዳይኖር ነው የምለፋው፤ ደክሞት ነው የሚመጣው።» ባለቤታቸው በአንድ የግል ድርጅት ተቀጥረው የሚሠሩ፣ ሰርቪስ ለመያዝ ልጆቹ ሳይነቁ ከንጋቱ 12 ሰዓት የሚወጡና ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል የሚመለሱ ሰው ናቸው። ይህ ከልጆቹ የመኝታ ሰዓት ጋር ሲገጣጠም አባትየው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚያገኟቸው የተኙ ልጆችን ብቻ መሆኑን ማንም ሊያሰላው ይችላል፤ ጠያቂዋ ግን ስሌቱን የጀመሩት ከሌላው ጫፍ፣ ከአባትየው ድካም ነው። ታላቁ ልጅ የተኛ መስሎ ቆይቶ ቁልፉ በበሩ ሲዞር ከአልጋው እንደሚወርድና እሳቸውም እየተቆጡ እንደሚመልሱት የጻፉት እንኳ እንደ ጠባይ ጉድለት ቆጥረውት ነው። የ5 ዓመት ልጅ አባቱን ለማየት አንድ ሰዓት ሙሉ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግን ነቅቶ መጠበቁ በየትኛውም መለኪያ የጠባይ ጉድለት ሊባል አይችልም።

ከዓረፍተ ነገሯ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው «አንድም የሚያለቅስ ልጅ» የሚለው ነው። በሥነ ልቦና ጥናት ቁርኝት የሚባለው፣ ማለትም ሕፃን ልጅ ለይቶ ከመረጠው ሰው ጋር የሚመሠርተው፣ ያ ሰው ሲለየው የሚያስለቅሰውና ሲመለስ የሚያረጋጋው ትስስር፣ በአመዛኙ የሚገነባው በልቅሶና ለልቅሶው በሚሰጠው ምላሽ ነው። ሩዶልፍ ሻፈርና ፔጊ ኤመርሰን በስኮትላንድ በግላስጎ ከተማ 60 ሕፃናትን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1964 ያሳተሙት ጥናት ካሳያቸው ነገሮች አንዱ፣ ሕፃናቱ አጥብቀው የሚቆራኙት የግድ ረጅም ሰዓት አብሯቸው ከሚውለው ሰው ጋር እንዳልሆነ፣ ይልቁንም ሲያለቅሱ ፈጥኖ የሚደርስላቸውንና የሚያጫውታቸውን ሰው እንደሚመርጡ ነው፤ 18 ወር ሲሞላቸውም አብዛኞቹ ከአባታቸው ጋርም ተቆራኝተው ተገኝተዋል። ውሎውን በሥራ ለሚያሳልፍ አባት ይህ ትልቅ የምሥራች ነው፤ ብዙ ሰዓት ባይኖረውም ሲለቀስ ከተገኘ ይበቃዋልና። ጠያቂዋ በየማታው ከባለቤታቸው ትከሻ ላይ የሚያወርዱት ሸክም እንግዲህ ይኸው፣ አባት የሚሆኑበት ዋናው መንገድ ነው።

ውጤቱ እሑድ ይታያል። ሴቷ መንታ አባቷ ሲያነሷት ፊቷን አዙራ፣ ጀርባዋን ወደ ኋላ ለጥጣ፣ ሁለት እጆቿን ወደ እናቷ ትዘረጋለች፤ «ወዲያው እቀበለዋለሁ» ይላሉ ጠያቂዋ። ልጅቷ የምታለቅሰው አባቷን ስለማታውቃቸው ነው፤ ልታውቃቸው የምትችልበት ጊዜም ያው የምትወሰድበት ደቂቃ ነበር። የቤተሰብ ጥናት ምሁራን ለዚህ ድርጊት «የእናት በር ጠባቂነት» የሚል ስም ሰጥተውታል፤ ሣራ አለንና አለን ሆኪንስ እ.ኤ.አ. በ1999 በስፋት ያብራሩት ይህ ሐሳብ፣ እናት አውቃም ሆነ ሳታውቅ አባትየው ከልጆቹ ጋር የሚገናኝበትን መጠንና አኳኋን የምትወስንበትን ልማድ ይመለከታል። ስያሜው ጥፋቱን ሁሉ በእናት ላይ የሚጭን ስለሚመስል በጥንቃቄ መያዝ አለበት፤ በሩን የሠራችው እሷ ብቻ አይደለችምና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ሲሰጥ፣ ለአባት የሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው፤ መንታ ቢወለድም ያው 3 ነው። በ3 ቀን የሁለት ሕፃናት ልቅሶ ተለይቶ አይታወቅም።

ጸጥታው የቆየ የአክብሮት ወግ ነው ብሎ መከራከርም አያዋጣም። በቀድሞው ዘመን በብዙ የአማራ ቤተሰብ ልጆች በአባታቸው ፊት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ እንደነበር እውነት ነው፤ ነገር ግን ድምፃቸው ቢጠፋ እነሱ አልጠፉም፤ እግር አጥበው፣ እጅ አስታጥበው፣ መሶቡ ቀርቦ አባት እስኪበላ ኩራዝ ይዘው ቆመው፣ ጉርሻቸውን ተቀብለው ነበር ወደ መኝታቸው የሚሄዱት። ያ ወግ ብዙ የሚነቀፍበት ነገር ቢኖረውም ልጅን ከአባቱ ዓይን አላራቀም። በጠያቂዋ ቤት የተዘረጋው ሥርዓት ግን ለእንግዳ የሚደረግ መስተንግዶ ነው፤ ቤት ይጠረጋል፣ ራት ይሞቃል፣ ልጆች ይሰወራሉ፤ እንግዳም ምንም ቢከበር ቤተኛ አይሆንም።

«ደክሞት ነው የሚመጣው» የሚለው የዓረፍተ ነገሯ መጨረሻ ደግሞ ትዕግሥትን ይፈታተናል። በሁለቱ ገጾች ውስጥ ድካም የተነገረው ለባለቤታቸው ብቻ ነው፤ ሦስት ልጅ አብልተው፣ አጥበው፣ መንታዎቹን ተራ በተራ አዝለው የሚያስተኙት ሴት ይድከሙ አይድከሙ አልተጻፈም። ባለቤታቸው ይህን ጸጥታ መጠየቃቸውም አልተጻፈም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 50 ባልና ሚስት ልጆቻቸውን በማሳደግ እንዲተባበሩ ያዛል፤ ደክሞ የመጣን የሚምር ንዑስ አንቀጽ ግን የለውም።

ስለዚህ በሳምንት ሁለት ማታ ልጆቹ ነቅተው ይቆዩ፣ አባታቸው ያስተኟቸው፣ ጠያቂዋም በዚያ ሰዓት ጎረቤት ይሂዱ። መጀመሪያ ላይ ልጅቷ ትጮኻለች፣ ዳይፐሩም ጠምሞ ይታሰራል፣ ጩኸቱ ለሕንፃው ሁሉ ይሰማል። ይህ ከመጀመሩ በፊት ግን እስከ ዛሬ ማንም ባለቤታቸውን ያልጠየቃቸውን ነገር ጠያቂዋ ቁጭ ብለው ይጠይቋቸው፤ ልጆቹ ነቅተው ቢቀበሏቸው ይወዱ እንደሆነ። «አይ፣ ተኝተው ይጠብቁኝ» ካሉ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደብዳቤ መጻፍ ያለባቸው አባትየው ራሳቸው ሲሆኑ፣ የሚያገኙትም መልስ እንደዚህኛው ለስላሳ አይሆንም።